1802 ካለህ ካርዱን አትጣለው

ወንድሜ፣ ያገለገለ የሌኖቮ ላፕቶፕ፣ ቲንክፓድ ቲ430፣ ገዝተህ የዋይፋይ ካርዱን ብትቀይረው፣ ሲነሳ 1802 የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለብህ። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን ነው ጥያቄህ። ብዙ ጊዜ አይደለም።

እኔም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በገባሁ ሰሞን ይሄው ገጥሞኛል። ሁለት ካርድ ገዛሁ፤ ሁለቴም መርካቶ ድረስ ሄጄ። ከዚህ ደርሶ መልሱን ታውቀዋለህ። ሁለተኛውን ስሰካ ያው 1802። ሻጩን ስረግም ሰነበትኩ። ለካ ሰውየው ምንም አላጠፋም።

የዚያ ዘመን ቲንክፓዶች ባዮሳቸው (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለ። ማሽኑ ሲነሳ የካርዱን መለያ ያያል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዊንዶውስ ጋ ሳይደርስ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ድራይቨር ብትጭን፣ ፎርማት ብታደርግ ልፋት ነው። የሚያናድደው ደግሞ የካርዱ ሞዴል አንድ መሆኑ አይበቃም። የእኔ ኢንቴል 6205 ነበር። ቲ430 የሚቀበለው 6205ም አለ። ለሌኖቮ የተሠራው ግን ተለጣፊው ላይ ኤፍአርዩ የሚል የሌኖቮ መለዋወጫ ቁጥር አለው፣ የእኔ የለውም። በዓይን መንታ ናቸው፤ ውስጣቸው የተጻፈው መለያ ነው የሚለያየው።

አሁን የድሮውን ካርድ መልሰህ ግጠም፣ ማሽኑ ይነሳል። ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ። የአንቴና ሽቦዎቹን ጫፋቸውን ይዘህ ቀስ ብለህ አንሳ እንጂ ገመዱን አትጎትት። አዲሱን ሻጩ ከተቀበለህ መልስለት፤ በምትኩ ኤፍአርዩ ቁጥሩ ለቲ430 የሆነ ፈልግ። የአዳዲሶቹን ላፕቶፖች ኤም 2 ካርድ ቢሰጡህ አትውሰድ፣ ሶኬቱ ራሱ ሌላ ነው።

ይሄ ሁሉ ከሰለቸህ የዩኤስቢ ዋይፋይ ግዛ። እሱን ባዮሱ አይጠይቀውም። እኔ በመጨረሻ ያረፍኩት በሱ ነው። ራውተርህ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ካለው ግን እሱን የሚይዝ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ላይ 2.4ቱን ጎረቤት ሁሉ ተሻምቶበታል።

«ባዮሱን ቀይሬ ዝርዝሩን አጠፋልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ይመጣብሃል። ይቻላል፣ ውሸት አይደለም። ግን መሃል ላይ መብራት ቢሄድና ያረጀው ባትሪህ ባይዝልህ ቦርዱ ሊሞትብህ ይችላል። ለአንድ ካርድ ብዬ እኔ አልሞክረውም።

የሁለቱንም ካርዶች ተለጣፊ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ላክልን፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።