«ሲሊኮን አለው?» ብሎ ጠየቀኝ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ያረጀ ሞተርሆም፣ ማለት ውስጡ ቤት የሆነ ትልቅ መኪና፣ ገዛና ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሜክሲኮ አገር ወስጄ ላስቀባው ነው፣ ምን ይሉኛል?» አለኝ። በስልክ የነገርኩት አልበቃኝም። ደግሞ እንደ እሱ ቤት መኪና ይዛችሁ የምትዞሩ፣ ወይም የቀለም ሙያ የጀመራችሁ ብዙ ናችሁና ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ጻፍኩት።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርኩ ላመራ የተሠራ መኪና በማሸት ጀምሬ፣ ሎስ አንጀለስ ጡረታ ወጣሁ። ከ40 ዓመት በላይ የሰው መኪና ቀብቻለሁ። የራሴን ሞተርሆም የቀባው ግን ሌላ ሰው ነው። ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ደግሞ 8 ሜትር ተኩል የሚሆን ቤት የእኛ ሰፈር የቀለም ክፍል ውስጥ አይገባም።

መኪናው የ1996 ስሪት ነው፣ ፎርድ ቻሲ ላይ የተሠራ። ጎኑን በእጅ ስትዳብሱት እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ቡናማው የስቲከር መስመር ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

ከሁሉ በፊት ቀለም ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ግድግዳው ፋይበር ግላስ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ጄልኮት የሚባል ሽፋን አለው። በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። እርጥብ ሳለ ደምቆ፣ ሲደርቅ ከፈዘዘ፣ የሞተው ላይኛው ስስ ገጽ ብቻ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ በኮምፓውንድና በፖሊሽ፣ ማለት የሞተውን ገጽ አሽቶ በሚያነሳና በሚያበራ ቅባት፣ ሞክሩት። ስንት ሰው ለፖሊሽ የሚበቃ መኪና አስቀብቶ ገንዘቡን በትኗል። ቀጥሎ ከመስኮቶቹ ታች ያለውን ማዕዘን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ በጣት አንጓም አንኳኩት። ከለሰለሰ ወይም ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውሃ ገብቶበታልና ቀለሙን ተዉት፤ መጀመሪያ ጣራውን አስጠግኑ።

የእኔ ቀለም ያስፈልገው ነበር። አሜሪካንና ሜክሲኮን ከሚያዋስነው የቲዋና ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ወርጄ እንሰናዳ የምትባል የሜክሲኮ ከተማ ገባሁ። ከተማዋ ያለችበት የባሃ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት ለመኪና ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ወደ ዋናው የሜክሲኮ ምድር ከተሻገራችሁ ግን ይጠየቃል፤ ለሞተርሆም የሚሰጠው 10 ዓመት ያገለግላል። የአሜሪካ ኢንሹራንስ እዚያ ስለማይሠራ የሜክሲኮ መግዛት ግድ ነው። እኔ የሦስት ሳምንት ገዛሁ። ቀለም ቀቢ ሆኜ ቀለም ስንት ቀን እንደሚፈጅ አለማሰቤ አሁንም ያሳፍረኛል።

እዚያ የላመራና የቀለም ቤት ሁሉ በሩ ላይ «ኦሃላቴሪያ ኢ ፒንቱራ» ብሎ ይጽፋል። ባለ እጅ የሆነን ሰው ደግሞ «ማኤስትሮ» ይሉታል። ወደ አንዱ ማኤስትሮ ሄጄ ትናንት የጨረሰውን መኪና ሊያሳየኝ ሲነሳ «ይሄን ተወው፣ ከአራት ዓመት በፊት የቀባኸውን አሳየኝ» አልኩት። ሳቀና የዓሣ ታኮ (በቂጣ የተጠቀለለ ዓሣ) ወደሚሸጥባት አንዲት አሮጌ መኪና ወሰደኝ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታውን ጎኗን አየሁ። ከበሩ እጀታ ሥር፣ ማስኪንግ ቴፕ ያረፈበትን ጠርዝ በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ አልተነሳም። እዚያው ቆመን ታኮ በላን፣ ዋጋም ተስማማን። ክፍያውን በሦስት ከፈልነው፦ ለዕቃ መግዣ፣ እሸታው ሲያልቅ፣ እና መኪናውን ስረከብ። ከቀለሙ በፊት ከሚረጨው አስታር እስከ መጨረሻው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ክሊሩ፣ ድረስ ሁሉም የአንድ ፋብሪካ እንዲሆን፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹንም ሳይከፈቱ እንዳያቸው ተነጋገርን።

ሥራ በጀመረ ቀን መስኮቶቹን በጣቱ እየነካ «ሲሊኮን አለው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ውሃ እንዳይገባ ክፍተት የሚደፈንበትን እንደ ጎማ ያለ ማጣበቂያ ማለቱ ነው። «የለውም» አልኩት። ለማሰብ እንኳ አልቆየሁም።

ዝግጅቱ 11 ቀን ፈጀ። ስቲከሩን በሞቀ አየር እያላሉ ላጡት፤ ላዩ ቢነሳም ጥላው ቀርቶ ነበርና እሱም ታሸ። መብራቶቹ፣ መሰላሉ፣ የበሩ እጀታ ተፈቱ። በ180 ከዚያም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አስታር ረጩ፣ እንደገና በ600 አሹት። ቀለሙ ሊረጭ የተቀጠረው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከባሕሩ ጉም ወጣ። ማኤስትሮው መዳፉን ጎኑ ላይ አሳርፎ ጤዛው እስኪለቅ ይጠብቃል። እኔ የኢንሹራንሴ ቀን እያለቀ ስለነበር እንደ ባለጉዳይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። እሱ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም።

የመጀመሪያው ቀለም ሲረጭ ከኋላው መስኮት በላይ ቀለሙ ሸሸ። ጎመን ዘር የበዛበት ምጣድ ላይ ሊጥ እንደሚሸሽ፣ ክብ ክብ ጉድጓድ እየተወ። በሙያችን የዓሣ ዓይን እንለዋለን። ሲሊኮን ሲኖር የሚመጣ ነገር ነው፤ ቀለሙ እላዩ ላይ አልዘረጋ ይላል። ያኔ ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት ኦሪገን ውስጥ ዝናብ ሲገባብን ከሱቅ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ገዝቼ በራሴ እጅ መስኮቱ ዙሪያ ለጥፌያለሁ። ያው እኔ፣ ሲሊኮን ያለበት የጎማ ማብረቂያ ይዞ ቀለም ክፍል በገባ ተለማማጅ ላይ የጮህኩ ሰው!

ባለሙያ ሲጠይቃችሁ ቶሎ አትመልሱ። ሄዳችሁ ዙሩት፣ ዳብሱት፣ ሚስታችሁንም ጠይቁ። የእኔዋ ታስታውስ ነበር። ሲሊኮን ካለ ከመታሸቱ በፊት ተቆርጦ ይነሳ፤ ቦታውም በማጽጃ ፈሳሽ በአንድ ጨርቅ እየራሰ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ሳይጸዳ የታሸ እንደሆነ ቅባቱ በየጭረቱ ይገባል።

ለሙያው ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ረዳቱ አፉን በጨርቅ አስሮ ክሊር ሊረጭ ሲል አስቆምኩትና የእኔን ጭንብል ሰጠሁት። ክሊሩን እንዲጠነክር የሚያደርገው ሃርድነር ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አስም ያመጣል፤ የአቧራ ጭንብል አያስቆመውም። አንዴ ሰውነት ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። እኔ በወጣትነቴ በሻርፕ ነበር የማስረው፤ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ የሚያጥረው ከዕድሜ ብቻ አይመስለኝም።

መኪናውን ስትረከቡ የቀለሙን ቅንብር ቁጥር አጽፉ፣ የተረፈውንም ውሰዱ። እኔ ቁጥሩን የቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ደረሰኙንም አትጣሉ፤ ወደ አሜሪካ ስትመለሱ ውጭ አገር ያስጠገናችሁትን ለጉምሩክ መናገር ግዴታ ነው።

ኢንሹራንሱን አንድ ሳምንት አራዘምኩ። ማኤስትሮው የኋላውን በሙሉ አሽቶ፣ አጥቦ እንደገና ረጨው። ለዚያ ልከፍለው ስል እጁን አወዛወዘ፤ በግድ ነው ያስያዝኩት። ከመስኮቱ በላይ ሦስት ጥቃቅን ጉድጓዶች ቀርተው ነበር። በማግስቱ ሊያስተካክላቸው ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣ። «ተዋቸው፣ እነዚህ የእኔ ናቸው» አልኩት።