ስፓኒሽ ለምትማሩ ልጆቼ፦ ስለ ፔና

ልጆቼ፣

ስፓኒሽ የጀመራችሁ ወጣቶች ስታገኙኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ግሥ እርባታ ነው። እርባታው ከልምምድ ጋር ይመጣል፤ ብዙ አያስጨንቃችሁ። እኔ የምፈራላችሁ በጣት ሊጠቆሙ የማይችሉትን ስሞች ነው። ወንበርን መምህሩ ያሳያችኋል፤ ፔና (pena) የሚባለውን የስሜት ስም ግን ማን ያሳያችኋል?

ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። ቋንቋውን የያዝነው ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በምትባለው ደሴት፣ የቀኑን እኩሌታ ክፍል ውስጥ፣ እኩሌታውን ደግሞ በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ሆነን ነው። ኋላ ሕክምና ስማር ደግሞ ታካሚዎቹ አስተማሪዎቼ ሆኑ። አንዲት ባልቴት ለምርመራ ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ሲጠየቁ «ሜ ዳ ፔና፣ ዶክቶር» ይላሉ። ማድሪድ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ሴትዮዋ ያዘኑ ይመስለዋል። እሳቸው ግን አፍረዋል። በኩባ፣ በሜክሲኮና በኮሎምቢያ ፔና የዕለት ተዕለት ኀፍረት ነው፤ በስፓኝ ግን ይበልጡን ኅዘን ነው። «ፔኖሳ» የተባለች ልጅ ሃቫና ውስጥ ዓይን አፋር ናት፤ ማድሪድ ውስጥ ቃሉን ስለ ሰው ብትናገሩት ማዋረድ ሊሆንባችሁ ይችላል። ቦጎታ ላይ «ኬ ፔና ኮን ኡስቴድ» የሚላችሁ ሰው ደግሞ ይቅርታ እየጠየቃችሁ ነው።

መዝገበ ቃላት ብትገልጡ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። የስፓኝ ንጉሣዊ አካዳሚ በመጀመሪያ የሚሰጠው ፍቺ «ቅጣት» የሚል ነው፤ የሞት ፍርድ «ፔና ዴ ሙዌርቴ» የሚባለውም በዚሁ ነው። ቃሉ በላቲን በኩል ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ በግሪኩ ለፈሰሰ ደም የሚከፈለውን ካሳ ይገልጽ ነበር። ከካሳ ወደ ቅጣት፣ ከቅጣት ወደ ሥቃይና ልፋት፣ ከዚያም ወደ ኅዘንና ወደ ኀፍረት ተጓዘ። «ባሌ ላ ፔና» ሲባል ልፋቱ አያስቆጭም ማለት መሆኑን የምትረዱት ይህን ጉዞ ስታውቁ ነው። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ «ፔና = ኅዘን» ብላችሁ አትጻፉ። ቃሉን ከነግሡና ከነአገሩ ጻፉት፤ ማን፣ የት፣ በምን ጊዜ እንደ ተናገረውም ጨምሩበት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አብዛኞቻችሁ ስፓኒሽን የምትማሩት በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «አፍሬያለሁ» ሲል ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ «ሜ ዳ ፔና» (ቃል በቃል «ፔና ይሰጠኛል») የሚለው አሠራር ግራ ያጋባዋል፤ እዚህ ፔናው ነው የሚሰጠው፣ ሰውየው ተቀባይ ነው። እናንተ ግን ከእናታችሁ ጉያ ጀምሮ ራበኝ፣ ጨነቀኝ፣ አሳዘነኝ ስትሉ ኖራችኋል። «ሜ ጉስታ»ም ያው ደስ ይለኛል ነው። በእጃችሁ ያለውን ትታችሁ የሌላውን ችግር የምትበደሩት ለምንድን ነው?

ለኩባው ፔና ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ቅርብ ዘመድ አለን። «ሜ ዳ ፔና ሞሌስታርሎ» የሚለው ሰው እርስዎን ማስቸገር ይሉኝታ ያዘኝ ማለቱ ነው። ልክ አንድ ናቸው አልልም። የኩባዎቹ ፔና ከተናገሩት በኋላ ብዙውን ጊዜ በሣቅ ያልፋል፤ የእኛ ይሉኝታ ሳይነገር ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ከበድ ላለው፣ ክብርን ለሚነካው ኀፍረት እነሱም «ቤርጉዌንሳ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ ኀፍረተ ቢሱን ሰው «ሲንቤርጉዌንሳ» የሚሉት ከዚህ ነው።

ፔናን ስትይዙ ቀጥሎ «ጋናስ»ን ሞክሩ፤ የመሻት ስሜት ነው፣ አዘውትሮም በብዙ ቁጥር ይነገራል። «ሜ ዳን ጋናስ ዴ ዮራር» የሚለውን ለመተርጎም ስትቸገሩ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ «አልቅስ አልቅስ ይለኛል» ይሏችኋል።