ወተቱ ለምን ሁለት ሆነ? የጅማ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ጁስ ቤት አለኝ። ቅባቱ የወጣለት ወተት እንዲወፍርልኝ ጓር የሚባለውን ማወፈሪያ ዱቄት ጨመርኩበት። ፍሪጅ አሳድሬ ጠዋት ሳየው ላዩ ፈዘዝ ያለ ውሃ፣ ታቹ ድፍን ያለ ነጭ ሆኗል። ተበላሽቶ ነው?

እህቴ፣ ሽታውና ጣዕሙ ካልተለወጠ ጥፋተኛው ዱቄቱ ነው። ወተት ሲኮመጥጥ ፕሮቲኑ እርስ በርስ ይጣበቃል። ቢያማስሉትም ተመልሶ ወተት አይሆንም። የእርስዎ ግን ሲማሰል አንድ ይሆናል፣ ቆይቶ ደግሞ ይለያያል። ሽታው ካጠራጠረዎት ግን ይድፉት።

ወተት ውስጥ ካዚን የሚባለው ፕሮቲን በጥቃቅን ኳሶች መልክ ይንሳፈፋል። አንዷ ኳስ ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ብትበልጥ ትንሽ ነው። እንዲህ ያሉ ተንሳፋፊ ቅንጣቶች ኮሎይድ ይባላሉ። ጓሩ ደግሞ ፖሊመር ነው። ረጅም ሰንሰለቱ ውሃ ውስጥ እንደ ክር ልቃቂት ይጠቀለላል። ልቃቂቶቹ ሲበዙ ኳሶቹን ወደ አንድ ወገን ያስጠጓቸዋል፤ ኳሶቹ የበዙበት ክፍል ስለሚከብድ ይወርዳል። ዱቄቱን ይቀንሱ። አይስክሬም ሠሪዎች ለዚሁ ችግር ከባሕር አልጌ የሚወጣ ካራጂናን የሚባል ነገር በጥቂቱ ይጨምራሉ።

የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ፖሊመሩ ከኮሎይዱ ጋር አይጣበቅም፣ ኮሎይዶቹም አይሳሳቡም ይባላል። ታዲያ ምን ሰበሰባቸው? በአንድ የላብራቶሪ መሞከሪያ ቱቦ ውስጥ «ጋዝ፣ ፈሳሽና ክሪስታል» አብረው ይታያሉ የሚባለውስ?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው።

በእያንዳንዷ ኳስ ዙሪያ ለልቃቂቱ ዝግ የሆነ ቀለበት አለ። የልቃቂቱ መሐል ወደ ኳሷ ገጽ ከራሱ ግማሽ ወርድ በላይ ሊጠጋ አይችልም። ሁለት ኳሶች ሲቀራረቡ ቀለበቶቻቸው ይደራረባሉ። በተደራረበው ልክ ልቃቂቶቹ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ይሰፋል። ሰርግ ቤት ወንበሩን አንድ ጥግ ሰብስበን ለጭፈራ ቦታ እንደምናስለቅቀው ማለት ነው። እዚህ ግን ወንበሩን የሚያነሳ ሰው የለም።

በግፊት በኩልም ልታየው ትችላለህ። በሁለቱ ኳሶች መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ልቃቂት አይገባበትም። ከውጭ ግን ልቃቂቶቹ ኳሶቹን ይገፋሉ። ከውስጥ መልሶ የሚገፋ ስለሌለ ኳሶቹ ይገጥማሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 ጃፓናውያኑ አሳኩራና ኦሳዋ በስሌት አሳዩ። ሆላንዳዊው ፍሬይ ደግሞ በ1976 ወደዚሁ ሐሳብ መጣ።

ወደ ቱቦው እንምጣ። ወሳኙ መጠን ነው። ልቃቂቱ ከኳሷ አንጻር በጣም ትንሽ ከሆነ ፈሳሽና ክሪስታል ብቻ ይታያሉ። የኳሷን ሲሶ ገደማ ሲያልፍ ሦስቱም አብረው ሊገኙ ይችላሉ። «ጋዝ» ሲባል አየር አይምሰልህ፤ ኳሶቹ የተበታተኑበት ክፍል ነው። «ፈሳሹ» የተጨናነቁበት ነው፣ ክሪስታሉ በሥርዓት የተደረደሩበት። ፖሊመሩ ከልክ ሲያልፍ ግን ኳሶቹ በችኮላ ተጠላልፈው ጄል ይሆናሉ፤ ለመደርደር ጊዜ አያገኙም። ላብራቶሪ ውስጥ ክሪስታል ጠብቀህ ጄል ከወጣብህ መጀመሪያ ፖሊመሩን ቀንስ።

ኢንትሮፒ ወደ ብጥብጥ ይሄዳል ብለን ተምረናል። ክሪስታል ግን ሥርዓት ነው። አይጋጭም?

እኔንም ለብዙ ጊዜ ያስጨነቀኝ ነገር ነው። «ብጥብጥ» የሚለው ቃል ነው የሚያሳስተን። ኢንትሮፒ የሚቆጥረው ቅንጣቶቹ ስንት ዓይነት አቀማመጥ ሊኖራቸው እንደሚችል ነው።

ጅማ ላይ የቡና መጋዘን ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጆንያው እንዲሁ ከተወረወረ መጋዘኑ ቶሎ ይሞላል፣ አንዱም ፈቀቅ አይልም። ተደርድሮ ሲቀመጥ ግን ያው ጆንያ በያው መጋዘን ለእያንዳንዱ ትንሽ መላወሻ ይተርፋል። ኳሶችም እንደዚሁ ናቸው። ሲጨናነቁ መደርደሩ ለየራሳቸው የበለጠ መንቀሳቀሻ ይሰጣቸዋል፤ ስለዚህ ኢንትሮፒው ይጨምራል። ያለ አንዳች መሳሳብ!

ይህን አልደርና ዌይንራይት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 በኮምፒውተር አዩት። በ1986 ፒዩሲና ቫን ሜገን ከፕላስቲክ በተሠሩ እውነተኛ ኳሶች አሳዩት። ኳሶቹ ከጠቅላላው ይዘት 49.4 በመቶ ሲደርሱ ክሪስታል መታየት ይጀምራል፤ 54.5 በመቶ ላይ ሁሉም ክሪስታል ይሆናል። 58 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን እንደ መስታወት ተቆልፈው ይቀራሉ። ክሪስታሎቹ ነጭ ብርሃን ሲያርፍባቸው አረንጓዴና ቀይ ያብለጨልጫሉ። የኦፓል ድንጋይ ቀለምም የሚመጣው በውስጡ ከተደረደሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው።

የገዛሁት ማር ረጋ። ይህም ያው ነገር ነው? ወይስ ስኳር ቀላቅለውበት ነው?

ያው አይደለም። እዚህ የሚደረደረው ግሉኮስ የተባለው ስኳር ራሱ ነው፣ ሞለኪውል በሞለኪውል። ማር ውሃው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስኳር ስላለበት ትርፉ ቀስ እያለ ይረጋል። ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ በመርጋቱ ብቻ ሻጩን አትጠርጥሩ። ማሰሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ይፈታል። እሳት ላይ አትጣዱት፣ መዓዛው ይጠፋል።