ልጅነቴን አስቤ ማልቀሴ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? እናቴ ለሥራ ቤሩት ስትሄድ ገና ሕፃን ነበርኩ። ያደግኩት አክስቴ ቤት ነው። አልተራብኩም፣ አልተመታሁም። ግን ቤተሰቡ ፎቶ ሲነሣ ሁልጊዜ «አንቺ አንሺን» የምባለው እኔ ነበርኩ። አሁን ትዳር ይዣለሁ። ሆኖም እመቤታችን ቤተ መቅደስ የገባችበት በዓል፣ በዓታ ለማርያም፣ በመጣ ቁጥር እንባዬ አይቆምም። ሰዎች «አብልተው አሳድገውሽ! ምስጋና ቢስ አትሁኚ» ይሉኛል። ኃጢአት ይሆንብኛል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥስ እንግድነት የሚሰማኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እህቴ። ኃጢአት አይደለም። አክስትሽን ማመስገንና ለጎደለብሽ ማልቀስ አይጣሉም። ዳዊት «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» ሲል መተዉንም አልደበቀም።

በበዓታ ማልቀስሽ አልገረመኝም። እመቤታችን ቤተ መቅደስ ስትገባ 3 ዓመቷ ነበር። የእመቤታችንን ታሪክ የያዘው ነገረ ማርያም የተባለው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ሐና ትታት እልፍ ስትል ድክ ድክ እያለች እናቷን ተከተለች። መልአኩ ቅዱስ ፋኑኤል አንድ ክንፉን አንጥፎ፣ በአንድ ክንፉ ጋርዶ የመገባት ያን ጊዜ ነው። ከዚያም 12 ዓመት እዚያው ኖረች። አባቶቻችን ያችን ድክ ድክ ሳይዘሉ ጽፈውልናል። እናቷን ስለተከተለች ማንም አልነቀፋትም። አንቺንም የእናትሽ ናፍቆት አያስነቅፍሽም።

አክስትሽን ዛሬውኑ ይቅር በይ ብዬ አላጣድፍሽም። ለንስሐ አባትሽ ግን የፎቶውን ነገር ሳይቀር ንገሪያቸው። «ይቺማ ምን አላት» ብለሽ አትለፊው።

ስለ እንግድነቱ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክርስትና ስትነሺ የተቀበለችሽ የክርስትና እናትሽ ማን ናት? ዛሬ ዛሬ ይህ ኃላፊነት ስጦታ ይዞ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ መሄድ ብቻ እየሆነ ነው። በጣም ያሳዝነኛል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ እኮ ቤተ ክርስቲያን ሌላ እናት ትሰጣታለች፤ ሃይማኖቷን የምታስተምራት፣ ወላጅ ሲርቅ የምትጠይቃት። ዝምድናው የምር ነው። የክርስትና ልጅና የክርስትና እናቷ የወለደችው ልጅ እንዳይጋቡ የሚከለከለው እንደ እህትና ወንድም ስለሚቆጠሩ ነው። ስለዚህ እናትሽን ወይም አክስትሽን ጠይቂና ፈልጊያት። በሕይወት ካለች ሂጂና «ልጅሽ ነኝ» በያት። ዘግይቷል ብለሽ አትፈሪ። ካረፈች ስሟን ይዘሽ በጸሎት አስቢያት፤ ልጆቿንም ተዋወቂያቸው።

ከዚህ ጋር ሰፈራችሁ ካለ የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር ግቢ። ወር በገባ በ21 የሚሰበሰቡ አይጠፉም። ቅዳሴ ላይ ከአጠገብሽ የቆመችውን ሴት ስሟን ሳታውቂ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ማኅበር ውስጥ ግን አንድ ወር ብትቀሪ «ምነው ጠፋሽ?» ብሎ በር የሚያንኳኳ አለ። ስትገቢም ጥግ ይዘሽ አትቀመጪ፤ ተራ ያዢ። ተራሽ ሲደርስ ዳቦውን ራስሽ ድፊ፣ ጠላውን ጥመቂ፣ ጽዋው አንቺ ቤት ይግባ። ሰፈር ውስጥ እንዳንቺ ዘመድ ቤት የሚያድግ ልጅ ካለ እሱንም ጥሪው፤ ከማኅበርተኞቹ ጋር እኩል አስቀምጠሽ አብዪው።