ቴስቱ ዜሮ ይላል፣ ድንጋዩ ግን ጸጉር አብቅሏል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዲሲ አጠገብ ያለችው አርሊንግተን ነሽ፣ 40 ጋሎን ሪፍ ታንክ (ኮራል የሚያድግበት የጨው ውሃ ገንዳ) አለሽ፣ ከተቋቋመ ግማሽ ዓመት ሊሆነው ነው። ድንጋዩን አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ አልጌ ለብሶታል። የአልጌ ምግብ የሆኑትን ናይትሬትና ፎስፌት ስትለኪ ሁለቱም ዜሮ ይሉሻል። ፎስፌት የሚመጠውን ጂኤፍኦ ጨመርሽ፣ ምግብ ቀነስሽ፣ መብራት አሳጠርሽ፤ አልጌው ንቅንቅ አላለም። ይባስ ብሎ ኮራሎችሽ እየገረጡ ነው። ውሃ የምታዘጋጂው ከቧንቧ ቀድተሽ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብ አድርገሽ ነው። ጥያቄሽ "የትኛውን መድኃኒት ልግዛ?" የሚል ነው።

ለጊዜው የትኛውንም አትግዢ። ለምን እንደምልሽ ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ይሄ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሁሉም የየራሱን ጠርሙስ ያዛል፣ ውሃውን የሚጠይቅ ግን የለም።

ከዜሮው እንጀምር። ቴስቱ የሚለካው ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የተረፈውን ብቻ ነው። አልጌው የበላውን አይቆጥርም። ድስቱን ባዶ ብታገኚው ወጥ አልተሠራም ማለት አይደለም፤ ተበልቶ ይሆናል። ያንቺም ታንክ ውስጥ ፎስፌት በየቀኑ ይገባል፣ አልጌው ከሥር ከሥሩ ይወስደዋል፣ አንቺ ስትለኪ የተረፈ ነገር የለም። ስለዚህ ዜሮና አረንጓዴ ድንጋይ አንድ ላይ መታየታቸው ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም።

መለኪያው ራሱም ይስታል። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ትንሹ የሃና መለኪያ የሚያነበው ፎስፈረስን ነው። ቁጥሩን በ3.066 አባዝተሽ ለ1000 ስታካፍዪው ፎስፌቱን በሚሊግራም በሊትር ታገኚዋለሽ። 10 ካለሽ 0.03 ነው ማለት ነው። መሣሪያው ግን 5 ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። ስለዚህ "0" ያለሽ ነገር 5 ሊሆን ይችላል። ጠብታ ጨምረሽ ቀለም የምታነጻጽሪ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ግምት ነው።

ጂኤፍኦውን ዛሬውኑ አውጪው። ኮራልም እኮ ይበላል። ሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ካላገኙ ኮራሉ ይገረጣል፣ ቀስ እያለም ሥጋው ይላጣል። ያንቺዎቹ የጀመራቸው ይሄ ይመስለኛል። እኔ ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን ነው ተረጋግቼ የምተኛው። ሁለቱም ዜሮ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ዲኖፍላጀሌት ሊመጣብሽ ይችላል። ቡናማ፣ ዝልግልግ፣ ላዩ ላይ አረፋ የሚቋጥር ነገር ነው። ማታ ይቀንሳል፣ መብራት ሲበራ ይመለሳል። አንዳንዱ ዝርያ መርዛማ ስለሆነ ቀንድ አውጣዎችን ይጨርሳል። እሱ ከመጣብሽ ጸጉር አልጌው ይናፍቅሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ውሃው። የአርሊንግተን ውሃ የሚመጣው ከዋሽንግተን አኩዌደክት ነው፣ ዲሲም የሚጠጣው ከሱ ነው። ከ2004 ጀምሮ እዚህ ውሃ ውስጥ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ሆን ተብሎ ይጨመራል። ዲሲ ውስጥ እርሳስ ከቧንቧ ወደ ውሃ እየገባ ትልቅ ጣጣ ከተፈጠረ በኋላ የተወሰደ መፍትሔ ነው። ፎስፌቱ የቧንቧውን ውስጥ ስስ ሽፋን ያለብሰውና እርሳሱ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ለሰው ጥሩ ነው፣ ቡናሽን ያለ ሐሳብ አፍዪበት። ግን መጠኑ በሊትር 2 ሚሊግራም አካባቢ ነው። እኛ ታንክ ውስጥ የምንታገሠው ትልቁ 0.1። ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው!

ክሎሪን ማጥፊያው ይሄን ፎስፌት አይነካውም፤ ሥራው ሌላ ነው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ከታንክሽ በየቀኑ የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ፎስፌቱ እዚያው ይቀራል። አንቺ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ስትሞዪ ሌላ ፎስፌት ትጨምሪያለሽ። ነገም እንደዚያው። ምግብ መቀነስሽ ለውጥ ያላመጣው ለዚህ ነው፤ ዓሦቹ ተራቡ፣ አልጌው ግን ቀለቡ አልተቋረጠበትም።

ስለዚህ ገንዘብሽን የምታወጪበት አንድ ነገር ካለ አርኦ ዲአይ ማጣሪያ ነው፤ ውሃውን በስስ ወንፊትና ሬዚን በሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች አሳልፎ የሟሟውን የሚያስቀር ነው። ቤት ተከራይ ብትሆኚም ከወጥ ቤት ቧንቧ ጋር የሚገጠም፣ ሲጨርሱ ተነቅሎ የሚቀመጥ አለ። ስትገዢ ለክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት የውሃ ማከሚያ) የሚሆን የካርቦን ማጣሪያ ያለው መሆኑን አረጋግጪ። የዚህ አካባቢ ውሃ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ በክሎራሚን ነው የሚታከመው፤ ጸደይ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይዞራል። ካርቦኑ ክሎራሚኑን ሲሰብረው አሞኒያ ይተርፋል፣ እሱን የመጨረሻው ሬዚን ይይዘዋል። ከማጣሪያው የሚወጣውን፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በሚለካው ቲዲኤስ ሜትር ለኪው። ዜሮ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። 3 ወይም 4 ማለት ከጀመረ ሬዚኑ እያለቀ ነው። ማጣሪያ እስክትገዢ ድረስ ከዓሣ መሸጫ የተጣራ ውሃ መግዛት ይቻላል። ግን እሱንም ለኪው፤ ተጣርቷል ስለተባለ ብቻ አትመኚ።

ውሃውን ቀይረሽ በሳምንቱ ለውጥ አትጠብቂ። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ፎስፌት ይይዛል። ግማሽ ዓመት ሙሉ ሲጠጣ የከረመውን፣ ውሃው ሲጸዳ ቀስ እያለ መልሶ ይለቀዋል። ወራት ይወስዳል። አልጌውም እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ስለሚበላ፣ ውሃው ምንም ቢጸዳ ለጊዜው አይርበውም። በዚህ መሐል የሚያዋጣው እጅሽ ነው።

ፓምፖቹን አጥፊ፣ አለበለዚያ ቁርጥራጩ በየቦታው ተበትኖ እንደገና ይበቅላል። ኮራል ያልተጣበቀበትን ድንጋይ እያወጣሽ፣ ከታንኩ በቀዳሽው ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። የማይወጣውን እዚያው በጣትሽ ንቀዪና በቀጭን ጎማ እየሳብሽ አስወጪ። ሲያልቅ ባልዲውን ድፊ፤ ያ ውሃ ተመልሶ አይገባም። የነቀልሽው እፍኝ አልጌ ያጠራቀመውን ፎስፌት ይዞ ነው ከቤትሽ የሚወጣው። የትኛውም ጠርሙስ ይሄን አያደርግልሽም። በጠርሙስ የገደልሽው አልጌ እዚያው ይበሰብስና የያዘውን መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቃል። በየሳምንቱ ውሃ ስትቀይሪ አብረሽ ሥሪው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም።

ካጸዳሽ በኋላ ነው በላተኞቹ የሚመጡት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ቀንድ አውጣ ረጅሙን ጸጉር አይነካም፣ የሚወደው ገና የሚበቅለውን ነው። እኔ ትሮከስ የሚባለውን እመርጣለሁ፤ ቢገለበጥ ራሱን ያቃናል። አስትሪያ ግን አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ እዚያው ሊሞት ይችላል። ለ40 ጋሎን አስርና አስራ አምስት ይበቃሻል። መቶ ቀንድ አውጣ በጥቅል የሚሸጡ አሉ፤ ግማሹ በረሃብ ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ ለአልጌው ቀለብ ይሆናል። ሻጩ አይከስርም።

ከሁሉም በላይ ግን የምመክርሽ አንድ ቱክሲዶ ኧርቺን ነው፣ የባሕር ጃርት የምንለው። የአልጌውን ሥር ሳይቀር ይግጠዋል። አንድ ዐመል አለው፤ ያልተጣበቀ ነገር ካገኘ እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ጭኖ ይዞራል። ትንንሽ ኮራሎችሽን ቀድመሽ በሙጫ አጣብቂ። ቢጫ ታንግ የሚባለውን ዓሣ ግዢ የሚሉሽን አትስሚ፤ ጎበዝ በላተኛ ነው፣ ግን ለ40 ጋሎን ትልቅ ነው። አልጌ ይበላል የሚባለው ብሌኒ ዓሣ ደግሞ እንደ ዕድልሽ ነው፤ አንዱ ሙልጭ አድርጎ ይልሳል፣ ሌላው የዓሣ ምግብ ከለመደ በኋላ ድንጋዩን ዞሮ አያየውም።

በላተኛ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። በ1983 ዲያዴማ የሚባለው ረጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት በበሽታ ማለቅ ጀመረ፤ ከፓናማ ተነሥቶ በዓመት ገደማ መላውን ካሪቢያን አዳረሰ። ጃማይካ ውስጥ ዓሣውም አስቀድሞ በማጥመድ ተመናምኖ ነበርና አልጌውን የሚግጥ ጠፋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከግማሽ በላይ የነበረው የኮራል ሽፋን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። አውሎ ነፋሱም የራሱ ድርሻ ነበረው። ግን የሚግጥ ቢኖር ኮራሉ መልሶ የሚያቆጠቁጥበት ባዶ ድንጋይ ያገኝ ነበር። ያ እንግዲህ ባሕር ነው፤ የኛማ ባልዲ የምታህል ታንክ ናት።

መብራቱን ከ8 እስከ 9 ሰዓት አድርጊው፣ ነጩንና ቀዩን ቀነስ፣ ሰማያዊውን ተይው። ሦስት ቀን ሙሉ አጨልሚ ቢሉሽ ለጸጉር አልጌ አይሠራም፤ ገርጥቶ የሰነበተ ኮራል ግን ይጎዳል። የዓሦቹን ምግብ ወደ ነበረበት መልሺ፤ በረዶ የሆነውን ምግብ አቅልጠሽ ውሃውን አጥልለሽ ስጪ። ሳምፕ (ከታንኩ ሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ) ካለሽ ኬቶ የሚባለውን አልጌ በማታ መብራት ማሳደግ ጥሩ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እዚሁ ዲሲ ስሚዝሶኒያን ውስጥ ዋልተር ኤዲ የተባሉ ሳይንቲስት በ1980 ለሕዝብ የተከፈተውን ሕያው የኮራል ሪፍ ውሃ የሚያጸዱት አልጌ እያበቀሉና እያጨዱ ነበር። ግን ናይትሬትሽ ዜሮ ሳለ ኬቶም ነጥቶ ይሞታል፤ ቁጥሩ መጀመሪያ ይነሣ።

መድኃኒትን ጨርሶ አልቃወምም። ጸጉር መስሎ ብራዮፕሲስ የሚባል አለ፤ እያንዳንዱ ዘለላ ግራና ቀኝ እንደ ላባ ቅርንጫፍ ያወጣል። እሱን ስትነቅዪው ይብስበታል፣ ብዙ ጊዜ የሚረታው በፍሉኮናዞል ነው። ቀዩ ዝልግልግ ደግሞ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፣ መላውም ሌላ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም። የለጠፍሽው ፎቶ በሰማያዊ መብራት የተነሣ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወይን ጠጅ መስሎ ነው የታየኝ። አንድ ዘለላ ነቅለሽ በነጭ ሳህን ላይ ውሃ ውስጥ አድርጊና በቀን ብርሃን ቀረብ አድርገሽ አንሽው። ቲዲኤስ ሜትር የሚያውስሽ ካገኘሽ የቧንቧውንም ቁጥር አብረሽ ጻፊልን።