ቀዩ ሳህን

ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ ከፒትስበርግ ፎቶ ላከችልኝ። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ የገዛችው ብርቱካንማ ቀይ ሳህን ነው። «ጋሼ፣ ጨረር አለው ይሉኛል። ልጣለው?» መልሱ አልጠፋኝም። እንቅልፍ ግን ነሳኝ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ኦሃዮ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። አከራዬ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከወንዙ ማዶ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ኒውዌል ባለው የሆመር ላፍሊን ሸክላ ፋብሪካ ነው። ፊየስታ የሚባለው ሳህን የሚሠራው እዚያ ነበር። ንድፉን ያወጣው እንግሊዝ የተወለደው ፍሬድሪክ ሪድ ነው። በ1936 በአምስት ቀለም ገበያ ወጣ፤ ሰው እንደፈለገው አቀላቅሎ እንዲደረድረው። እናቴ አንድ ሲኒ ከተሰበረባት ስድስቱም እንደጎደሉ ነበር የምትቆጥረው። ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?

እሑድ እሑድ ምሳ ይጋብዙኛል፣ በቀዩ ሳህን። አንድ ቀን «ቀዩን ጦርነቱ ወሰደብን» አሉኝ። እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም። በሳምንቱ ከቤተ ሙከራ ጋይገር ካውንተር የሚባለውን የጨረር መለኪያ ተውሼ መጣሁ። ሳህኑን ሳስጠጋው ተንጣጣ። ጎበዝ ተማሪ ነኛ! የሳህኑ ቀይ ቅብ ውስጥ ዩራኒየም፣ ጨረር የሚያወጣ ብረት፣ እንዳለ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ምግቤን ወደ ነጭ ሳህን ገለበጡልኝ። ቀዮቹን አጠቡ፣ አደረቁ፣ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሏቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት አውርደዋቸው አያውቁም።

ያሉኝ ነገር የገባኝ ቆይቶ ነው። በ1943 መንግሥት ዩራኒየሙን ለአቶም ቦምቡ ሥራ ስለፈለገው ቀዩ ቀለም ቆመ። የተመለሰው በ1959 ነው። በዚያ ዘመን በእጃቸው የሠሩ ሴት ሾርባ ይቀዱልኛል፣ እኔ የመሣሪያ ድምፅ እቆጥራለሁ።

የዛሬ ልጆች ምግብ ሳትውጡ ስልክ አውጥታችሁ ሰው ታርማላችሁ። ያናድደኛል። እኔ ቢያንስ መሣሪያ ልዋስ በእግሬ ሄጃለሁ። ይህ ይሻል ይሆን ወይስ ይብስ፣ እንጃ።

ሳህኑን አትጣይው፤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው። አትብይበት ግን። በተለይ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ምግብ ከቅቡ እየሟሟ ይወስዳል። ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ልክ ሆኜ ነው ያሳፈርኳቸው።

ሥራ ስትጀምሩ አጠገባችሁ ሽማግሌ ካለ፣ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁት። ሌላውን ምክር ሌላ ሰው ይስጣችሁ።

ፊየስታ በ1973 ተቋርጦ ነበር። በ1986፣ በ50ኛ ዓመቱ፣ ያለ ዩራኒየም በአዲስ ቀለማት ተመለሰ። የሱቅ መስኮት ላይ ሳየው ቨርጂኒያ ነበርኩ። የአከራዬን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። የሕዝብ ስልክ አጠገቤ ቆሟል፣ ሳንቲምም ኪሴ ውስጥ ነበር። ቀቢ ይሁኑ ምድጃ ጫኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።