ሽንት ሸንታለች?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ነርሲንግ ለምትማሩና ገና ዋርድ ለገባችሁ ነው። ስለ ሽንት ነው የማወራችሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄ ያለፍኩት ትምህርት ነበር። ቁም ነገሩ የገባኝ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ሆኜ ነው።

እናቲቱ ከወለደች አራት ሰዓት ያህል ሆኗታል። የእንግዴ ልጁ በሙሉ ወጥቷል፣ ማህፀን የሚያኮማትረው መርፌም ተሰጥቷታል፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ሆዷን ስዳስስ ማህፀኗ ከእምብርቷ በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል፣ ልፍስፍስ ነው። ግሉኮስ ይሰቀል፣ ሐኪም ይጠራ እያልኩ ስሯሯጥ አንዲት አንጋፋ አዋላጅ መጣችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ከወለደች ወዲህ ሽንት ሸንታለች?» መልስ አልነበረኝም። ቻርቱ ላይ የጻፍኩት «ደህና ናት» የሚል ነው። ካቴተር፣ ማለትም ሽንት ከፊኛ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ስታስገባላት ከ800 ሲሲ በላይ ሽንት ወጣ። ማህፀኗ ወደ ታች ወርዶ እጄ ላይ ጠንከር ሲል፣ ደሙም ሲቀንስ ተሰማኝ፤ ያን ስሜት እስካሁን አልረሳሁትም።

የሞላ ፊኛ ማህፀንን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እንደልቡ እንዳይኮማተርም ያደርገዋል። የወለደች ሴት ደግሞ ሽንቷ ይበዛል፣ ፊኛዋ በምጡ ተጨንቆ ስሜቱ ይደክማል፣ ስፌት ካላትም ያቃጥለኛል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ሞልቶ ሳለ «አልመጣኝም» ልትላችሁ ትችላለች። በ6 ሰዓት ውስጥ ካልሸናች ዝም ብላችሁ አትለፏት። እኔ ያልጠየቅኋት ስላልተማርኩ አይደለም። ሰው ፊት ስለ ሽንት መጠየቅ አሳፍሮኝ ነው። እሷም ለመናገር አፈረች። ሁለታችንም ስናፍር ደሟ ይፈስ ነበር።

ቁጥሮቹን ያዟቸው፣ ይጠቅሟችኋል። ጤነኛ ትልቅ ሰው በቀን 1,500 ሲሲ ያህል ይሸናል። ካቴተር የገባለት ትልቅ ሰው ሽንቱ በሰዓት ከ30 ሲሲ በታች ከሆነ፣ በተለይ ሁለት ሰዓት ከተከታተለ፣ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጀመሪያ ግን ቱቦው ታጥፎ ወይም በሽተኛው ተኝቶበት እንዳይሆን እዩ። ሽንት የሚወስኑት ነገሮች ብዙ ናቸው፦ ዕድሜ፣ የሚጠጣው ውሃ፣ መድኃኒት፣ ቀዶ ጥገና፣ ስኳር፣ ፕሮስቴት። በእኛ ዋርድ ግን ከሁሉም በላይ ያየሁት ሀፍረትን ነው።

አንድ አባት የቡአ ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው፣ በወገብ መርፌ ደንዝዘው ወጡ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ አልጋ አለ፣ መጋረጃ የለም፣ አስታማሚያቸው ደግሞ ገና ያላገባች ልጃቸው ናት። የተቆረጠ ሃይላንድ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። እንዴት ይሽኑ? ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተነፍቷል፣ እሳቸው ግን «ምንም አልል» ይላሉ። ካቴተር ላምጣ ብዬ ነበር። ከዚያ እግራቸው በደንብ እንደተመለሰና ግፊታቸውም ደህና እንደሆነ አይተን፣ ልጅቱን ውጭ ጠብቂ አልናት፣ አንድ ወንድ ነርስ ደግፎ አቆማቸው፣ ጋቢያቸውን መጋረጃ አደረግነው፣ ቧንቧም ከፈትን። ብዙም ሳይቆይ መጣላቸው። ወንድ ልጅ ቆሞ መሽናት ለምዷል፣ በጀርባው አስተኝታችሁ ሽና ስትሉት እንቢ የሚለው ሰውነቱ ነው። ሴቷንም ከተፈቀደላት ቁጢጥ ትበል ወይም ቀና ብላ ትቀመጥ።

ደግሞ ጠብ ጠብ የሚለው እንዳያታልላችሁ። በየአሥር ደቂቃው ትንሽ ትንሽ የሚሸና ሰው «እየሸና ነው» ተብሎ ይታለፋል፣ ፊኛው ግን ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። እጃችሁን አስቀምጡና ዳስሱት።

ሌላው፣ ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ወይም ስለሚቀፍ ውሃ መጠጣት የሚተዉ እናቶች አሉ። ሽንታቸው ይወፍራል፣ ያቃጥላቸዋል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል። የሴት የሽንት ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጀርሙ ቶሎ ይደርሳል። ለእነዚህ ሰዎች «ውሃ ጠጪ» ብቻ ማለት አይበቃም፣ ሽንት ቤት የሚያደርሳቸው ሰው መኖሩን ጠይቁ። ላሲክስ የሚባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስዱትም ከተቻለ ጠዋት ስጧቸው፤ ማታ ከሰጣችኋቸው ሌሊቱን በጨለማ ሲነሱ ሊወድቁ ይችላሉ።

ካቴተር ሌላ መንገድ ሲጠፋ ወይም ሐኪሙ በምክንያት ሲያዝ ነው የሚገባው። ለእናንተ ሥራ እንዲቀል ተብሎ አይገባም። ከገባም ከረጢቱ ከፊኛው በታች ይሁን፣ መሬት አይንካ፣ በሽተኛውን ስታዛውሩ ሆዱ ላይ አታስቀምጡት። በየቀኑም «ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ወጣት የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ በሳምንቱ አቋረጠ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ፣ አንዳንዴም ቀላ ያለ እንደሚያደርግ ማንም አልነገረውም ነበር። ደም የሸና መስሎት፣ ለማን እንደሚናገር አፍሮ፣ ክኒኑን ትራሱ ሥር ደብቆ አገኘነው። አሁን መድኃኒቱን ለሚጀምር ሁሉ ገና የመጀመሪያዋን ክኒን ስሰጠው፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ «ሽንትህ ቀለሙ ይቀየራል፣ የመድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጥ» እለዋለሁ።